ጣዝማና ቆቅ



የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ከተሠራ ወዲህ የከተማው ጥበቃ በበሮቹ ላይ የቆመ ነበር። በሰሜን ያለው ፈላና በርና የቀሩትም በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ከበሩ ውጭ የሚያድር መንገደኛ ግን መከታው የገዛ ንቃቱ ብቻ ነበር። እነዚህን ሁለት የጥበቃ ዘዴዎች ጣዝማና ቆቅም ተከፋፍለው ይዘዋቸዋል።

ጣዝማ ከማር ንብ የምታንስ፣ መውጊያ የሌላት የዱር ንብ ናት። ቤቷ ከምድር በታች ሲሆን መግቢያው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ በዚያም ዘበኞች ይቆማሉ። ማሯንም ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በተሠሩ ጥቃቅን ማድጋዎች ታከማቻለች።

ቆቅ ግን በርም ጎተራም የላትም። በሐረርጌ ተራሮች የምትገኘው ማጅራቷ ቀይ ዳማ የሆነው ቆቅ እንቁላሏን በሣር መካከል በተጫረ መሬት ላይ ትጥላለች። መከታዋ አፈርና ሣር የሚመስለው ላባዋና ንቃቷ ነው፤ ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» መባሉም ስለዚህ ነው።

ልዩነታቸው በልጆቻቸው አስተዳደግ ይበልጥ ይገለጻል። ሠራተኞቹ ጣዝማዎች ለእያንዳንዱ እጭ የሚበቃውን ስንቅ አስቀድመው በክፍሉ ይሞላሉ፤ ንግሥቲቱ እንቁላሏን ስትጥልበት ክፍሉ ይታሸጋል፤ እጩም አድጎ እስኪወጣ ድረስ ያንኑ ይመገባል። የቆቅ ጫጩት ግን በተፈለፈለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እናቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ምግቡንም ራሱ ይለቅማል።

እንግዲህ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠችው ማን ናት? ግንብ ያላት የማትደፈር ትመስላለች። ነገር ግን ቆቅ ጎጆዋ ቢፈርስባት በርራ ሌላ ሥፍራ ትጭራለች። የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚያብጥ መብረር አይቻላትም። ስለዚህ ማር ፈላጊ ቤቱን በዶማ ሲያፈርሰው ለማምለጥ የማትችል ንግሥት ከነሠራዊቷ ትጠፋለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ማርም አብሮ ይቀራል።

የጣዝማ ማር ቀጠን ያለና ኮምጠጥ የሚል ሲሆን፣ ሕዝባችን ለሳልና ለጉሮሮ ሕመም መድኃኒት አድርጎ ይሻዋል። የሆለታ የንብ ምርምር ማእከል ባለሙያዎችም ጣዝማን በቀፎ ለማርባት የሚያስችል ጥናት አካሂደዋል። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል የከተማ ሰዎች ዶማ ባናነሣም፣ ማሩን የምንገዛው እኛ ነን። ስለዚህ ገንዘባችንን ከመቁጠራችን በፊት፣ ንግሥቲቱ በሕይወት ቀርታ እንደ ሆነ ሻጩን መጠየቅ ይገባናል።