«የአእምሮ ሕመም ነው» ከማለት በፊት ሆዷን ማየት

የነርቭ ሐኪሙ ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በጥናቱ እንደተገለጸው ደህና የነበሩ 12 ሴቶች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰው መጠራጠር፣ የሌለ ድምፅ መስማት ጀመሩ፤ ቀጥሎ አንዘፈዘፋቸው፣ ፊታቸውና አፋቸው ያለ ፈቃዳቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። ከ12ቱ የ11ዱ መነሻ እንቁልጢ ላይ የበቀለ ቴራቶማ የተባለ እጢ ነበር። ይህ እጢ ፀጉርና ጥርስ፣ አልፎም የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ያበቅላል፤ ሰውነት ያንን ለመዋጋት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ዞሮ አንጎልን ያጠቃል። ብዙው ቴራቶማ ካንሰር ባይሆንም፣ ሳይታወቅ የቆየ ሕመም ሊገድል ይችላል። አእምሮን የሚነኩ ሌሎች እጢዎችም አሉ፦ አንዳንድ የሳንባ ካንሰር ትውስታን ያጠፋል፣ የቆሽት ካንሰር ገና ሳይታወቅ በድባቴ ሊጀምር ይችላል፣ የፊተኛውን አንጎል የሚጫን እጢ ጠባይ ይለውጣል።

በደቡብ ወሎ፣ በወረኢሉም ሆነ በመካነ ሰላም አንዲት ወጣት ድንገት እንዲህ ስትሆን ቤተሰብ ጂን ወይም ዛር ብሎ ጠበል ቢወስዳት ወይም ዱዓ ቢያስደርግላት አያስወቅሰውም፤ የሚጎዳት የሚያልፈው ጊዜ ነው። ጤና ተቋሙም በሃሎፔሪዶል መርፌ አረጋግቶ «ሳይኮሲስ» ብሎ ከሸኛት ያው ጊዜ ያልፋል፤ መድኃኒቱም እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ ትኩሳትና የሰውነት መገተርን ሊያባብስ ይችላል።

«ይህ እጅግ ብርቅ ነው፤ ለኛ አገር ታይፈስና የአንጎል ቲቢ ይቀድማሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እነሱ ይቅደሙ። ግን የሚታከም በሽታ ብርቅ ስለሆነ አይተውም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በተጠቃለለ፣ በዚሁ ሕመም የተያዙ የ577 ሕሙማን ክትትል 38 በመቶው እጢ ተገኝቶባቸዋል፤ ለ24 ወራት ከተከታተሏቸው ውስጥም 81 በመቶው በደህና አገግመዋል። «ፀረ እንግዳ አካሉን የሚያሳየው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ ደጋ ላይ የለም» ለሚለውም መልስ አለ፦ ለነፍሰ ጡሮች የተገዛው አልትራሳውንድ እንቁልጢንም ያሳያል። ንጹሕ ሆኖ ቢታይ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ እጢ ከታየ ግን ሪፈሩ ወደ አእምሮ ክፍል ብቻ ሳይሆን ወደ ማህፀን ሐኪምም ይሁን። ወደ ደሴ የሚሄደው ወረቀት ላይ ትኩሳቱ፣ መንዘፍዘፉና የአፍ እንቅስቃሴው በስንተኛው ቀን እንደጀመረ እናቷ እንደተናገረችው ይጻፍ።