ጆሮ ጩኸትን ይለምዳልን?

በዊንጌት መንገድ ዳር ብረት በግራይንደር ሲቆርጥ የዋለ ወጣት ማታ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ጭው ይላል፤ የሰው ንግግርም ከሩቅ የመጣ ያህል ይደክምበታል። በማግሥቱ ግን ይተወዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጩኸቱ እንዳያስቸግረው ቢጠየቅ «ለምጄዋለሁ» የሚል መልስ ይሰጣል። ለመሆኑ ጆሮ ጩኸትን ይለምዳልን?

አስቀድመን መለኪያውን እንመልከት። የድምፅ መጠን የሚለካበት ዴሲቤል ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ ያዘናጋል። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም ወደ ጆሮ የሚገባው ኃይል በእጥፍ አደገ ማለት ነው። በዚህ ስሌት በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት ከተፈቀደ፣ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር 100 ዴሲቤል ለመድረስ አይቸገርም።

ድምፅ የጆሮን ታምቡር ካንቀጠቀጠ በኋላ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ኮክሊያ ወደሚባለው፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለውና በፈሳሽ ወደተሞላው የውስጥ ጆሮ ክፍል ይደርሳል። በዚያ 12,000 ያህል የውጭና 3,500 ያህል የውስጥ ባለፀጉር ሕዋሳት ተሰልፈዋል። የውጮቹ ደካማ ንዝረትን ያጎላሉ፤ የውስጦቹ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጠው ለነርቭ ያስረክባሉ።

ኃይለኛ ጩኸት እነዚህን ሕዋሳት በሦስት መንገድ ያጠቃቸዋል። አንደኛ፣ ፀጉሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ረቂቅ ክሮች ይበጥሳል። ሁለተኛ፣ ሕዋሱን ከአቅሙ በላይ በማሠራት ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች እንዲከማቹ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት ጩኸቱ ከቆመ ከቀናት በኋላ እንኳ ሕዋሳት መሞታቸውን ይቀጥላሉ። ሦስተኛ፣ መልእክት አስተላላፊው ግሉታሜት ከመጠን በላይ ስለሚፈስ የነርቭ ጫፎች ያብጣሉ።

ከተበጠሱት ክሮች ብዙዎቹ ተመልሰው ይገጠማሉ፤ የማግሥቱ እፎይታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሻሮን ኩጃዋና ቻርለስ ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ግን የመስማት መጠናቸው ሙሉ በሙሉ የተመለሰላቸው አይጦች፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ በሚሰማበት የኮክሊያ ክፍል ከሕዋስና ከነርቭ መጋጠሚያዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ለዘለቄታው አጥተው ተገኝተዋል። እንግዲህ ምልክቱ መጥፋቱ ጉዳቱ መዳኑን አያረጋግጥም።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና በአንድ ጫፉ የተዘጋው የጆሮ ቦይ በ3,400 ኸርዝ ገደማ ስለሚያስተጋባ፣ በዚያ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። «ሰ»ን እና «ፈ»ን የመሳሰሉ ደካማ ተነባቢዎችን የምንለየው በከፍተኛ ድግግሞሽ በመሆኑ፣ ተጎጂው ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም።

ወፎች የሞቱባቸውን ባለፀጉር ሕዋሳት መልሰው ያበቅላሉ፤ የሰው ልጅ ግን ይህን አልታደለም። ከዊንጌት እስከ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሆኖም በጩኸት የሞቱትን ሕዋሳት መልሶ የሚተካ የተረጋገጠ ሕክምና በየትኛውም የዓለም ሆስፒታል ገና የለም። ስለዚህ መፍትሔው መከላከል ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በአግባቡ የተደረገ የጆሮ መድፈኛም ብዙ ዴሲቤል ይቀንሳል።

አንባቢ ሆይ፣ መለኪያ መሣሪያ ባይኖርህ ይህን ሞክር፦ አንድ ክንድ ያህል ከራቀ ጓደኛህ ጋር ለመግባባት መጮኽ ካስፈለገህ፣ የቆምክበት ስፍራ ለጆሮህ አደገኛ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ የምትሰማ ከሆነም ያው ሕግ ይሠራል፤ ኮክሊያ ዘፈንን ከግራይንደር አይለይም።