ቀኝ የፊት እግር

ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ሾዋክን አልፈን መንገዱ ቀጥ ሲል ድምፁ ጎልቶ ወጣ። ከወለሉ ሥር የሚመጣ ጉርምርምታ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይሳሳል። ወንድሜ ወዲያው ጎማዎቹን ጠረጠረ። ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው፤ ላንድክሩዘሩ ከክረምቱ ጀምሮ ገዳሪፍ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው የከረመው። ብዙ የቆመ መኪና ጎማው መሬት በነካበት በኩል ይተኛል፣ እስኪሞቅም ድረስ ያንጎራጉራል። ሲሞቅ ይለቀዋል ብለን ነዳን። አልለቀቀውም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ምርመራ ሆነ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን በራሱ እንዲንከባለል ተወው፤ ድምፁ እንዳለ ነው፣ ሞተሩ ነፃ ወጣ። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቅ ቃናው አልተለወጠም፤ ዲፍሬንሻል ቢሆን ኖሮ ጉልበት ሲያገኝና ሲያጣ ድምፁ ይለያይ ነበር። ከአስፋልቱ ወርደን ጠጠር ላይ ስንሄድም ያው ነው። የጎማ ድምፅ ደግሞ መሬቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የቀረው ኩሽኔታ ነው፤ ግን የትኛው? መንገዱ ጭር ባለበት ወንድሜ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ፤ ድምፁ አበጠ። ወደ ቀኝ ሲመልሰው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ እግሮቹ ላይ ይወድቃል፤ የታመመው በቀኝ በኩል ነው ማለት ነው። ከፊት ይሁን ከኋላ ግን በጆሮ መለየት አልቻልንም። በመኪና አካል ውስጥ ድምፅ በብረቱ ይጓዛል፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ከእግራቸው ሥር ነው የሚመጣው ብለው ማሉ።

ኸሽም ኤል ቂርባ ስንደርስ ሰው ወደ አንድ አዛውንት ኢትዮጵያዊ መካኒክ መራን። ይህ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ስደተኛ ሲቀበል የኖረ ስለሆነ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ የምትታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ በተጠናቀቀው ግድብ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ ከዋዲ ሐልፋ ያፈናቀላቸው 50,000 ያህል ሰዎች በሰፈሩበት በአዲስ ሐልፋ የሚያርሱት በዚህ ውሃ ነው። ከደጋችን የሚወርደው ደለል ግድቡን ክፉኛ ሞልቶታል፤ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር፣ ዛሬ ብዙውን ቦታ ጭቃ ይዞታል። ጭቃውን የማነሳው በኋላ ስለሚመጣ ነው።

መካኒኩ ብዙ አልጠየቁንም። ቀኝ የፊት እግሩን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ተንቃነቀ። «ወንድም፣ ፍሬን ያዝልኝ» አሉ። ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ቀረ። ይህን ብልሃት ሳይ ደስ አለኝ፤ ፍሬኑ ዲስኩንና ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ከኋላቸው ካለው አካል ጋር አንድ ያደርጋቸዋል፣ ስለዚህ መነቃነቁ ከጠፋ ልቅ የሆነው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ መሪ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ነው። ቀጥለው አንድ እጃቸውን ሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን አሽከረከሩ። የእኔንም እጅ ወስደው አስነኩኝ። አሸዋ ላይ እንደሚንከባለል ነገር መዳፌ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

በዚህ ሞዴል ላይ የፊት ሞዞ ሁለት ኩሽኔታ አለው፣ ከውስጥ ትልቅ ከውጭ ትንሽ፤ ሮለሮቹ ወደ አንድ ጫፍ የሚቀጥኑ ናቸው። አሜሪካዊው ሠረገላ ሠሪ ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት ነው፤ ጥቅሙም ክብደቱን ብቻ ሳይሆን መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የሚመጣውን ግፊትም መቻሉ ነው። መካኒኩ የማቆሚያውን ቆርቆሮ ጥርስ አቅንተው ትልቁን ዳዶ በ54 ቁልፍ ፈቱ። ብዙ ሰው ቁልፉ ስለሌለው በመሮና በመዶሻ ይመታዋል፣ ዳዶውንም ያበላሸዋል፤ እሳቸው ግን ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር ያስቀመጡት።

የውጭው ኩሽኔታ ደህና ነበር። የውስጠኛው ግራሶ ግን ቡና በወተት መስሏል። መካኒኩ ቀለበቱን በናፍጣ አጥበው ወደ ፀሐይ አዞሩትና ዝም አሉ። በቀለበቱ የታችኛው ግማሽ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ተደርድረዋል። አንዱን ሮለር አንስተው ከአንዱ መስመር ላይ አስቀመጡት፤ ልክ ገጠመ። ቀጣዩም ከቀጣዩ ገጠመ።

እየዞረ የተበላ ኩሽኔታ እንዲህ አይመስልም፤ ዙሪያውን ይቆሳስላል። በሮለሮቹ ልክ የተቀመጠ መስመር የሚወጣው ውሃ በሮለርና በቀለበት መካከል ተቀምጦ ብረቱን ሲበላው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጎማው መቆም አለበት። ኩሽኔታው የሞተው መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው!

«ሳታቆሙት በፊት ውሃ ገብቷል?» አሉ።

ወንድሜ አስታወሰ። መኪናውን ከማቆሙ በፊት የመጨረሻው ጉዞ ከዶካ በኩል ነበር፤ በክረምት የሞላ ኾር፣ ማለትም ወቅታዊ ጅረት፣ አቋርጦ። ፍሬን ብዙ ተይዞ የጋለ ሞዞ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ ግራሶውን አሽጎ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉ፣ ያረጀ ከሆነ ሞዞው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አብሮትም ያ ግድቡን የሞላው ዓይነት ደቃቅ ጭቃ ይገባል። መኪናው በማግስቱ ቢነዳ ግራሶው ሞቆ የተወሰነውን ውሃ ያባርር ነበር። አልተነዳም።

አዲሱን ኩሽኔታ ከነቀለበቱ ገዛን፤ አዲስ ሮለር አሮጌ ቀለበት ላይ ማስኬድ ገንዘብን መጣል ነው። ኦይል ሲሉም ተለወጠ፤ ለእኔ ከኩሽኔታው ይበልጥ ቁም ነገሩ ይህ ርካሽ ጎማ ነው፣ እሱ ባይለወጥ በሚቀጥለው ኾር እንደገና እዚያው ነን። መካኒኩ ግራሶውን በመዳፋቸው እየጫኑ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ሞሉት። ዳዶውን አጥብቀው ሞዞውን ወዲህና ወዲያ አዞሩ፣ አላሉት፣ እንደገና በቀስታ አሰሩት። ከዚያ የእጅ ሚዛን በአንዱ ቡሎን ላይ አንጠልጥለው ሞዞው መዞር የሚጀምርበትን ክብደት አነበቡ። በጣም ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይቀጠቀጣል፤ ልኩ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው።

ወንድሜ ገንዘቡን ሊከፍል ሲዘጋጅ መካኒኩ ክሪኩን ወደ ግራ እያዞሩ ነበር። ሁሉም እግር ያንኑ ኾር ተሻግሯል፣ እኩል ቀንም ቆሟል። የግራው ግራሶም ነጣ ብሎ ወጣ፤ ቀለበቱ ላይ ግን መስመር የለም። አጥበው፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ኦይል ሲል አግብተው መለሱት። የኋላዎቹን ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሩን።