ያገለገለ ኳትሮ ለሚገዛ ሰው የትኛው ይሻለዋል?

ስፖርት መኪና ወዳድ የሆኑ ጓደኞቻችን፣ ያገለገለ ኦዲ ኳትሮ ቢገኝ የትኛው ዓይነት ይመረጣል እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ። የምንናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በጄኔቭ ለሕዝብ ታይቶ እስከ 1991 ስለ ተሠራው፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ስለሚያሽከረክረው መኪና ነው።

ተከራካሪዎቹ የሚቈጥሩት የፈረስ ጉልበት ነው፤ በ1989 የወጣው ባለ 20 ቫልቭ 220፣ የቀድሞዎቹ ባለ 10 ቫልቮች 200 አላቸው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው ጉልበቱ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የፊት ጎማዎች በጭቃ ወይም በበረዶ ላይ ቢንሸራተቱ ጉልበቱ በከንቱ ወደዚያው ያልፋል፤ ስለዚህ ነጂው ራሱ የመካከለኛውን ዲፈረንሻል ይቈልፋል፣ መንገዱ ሲደርቅም መፍታቱን መርሳት የለበትም። (እኛን የመሰለ ዝንጉ ምን ይሁን?) ከ1987 መጨረሻ ወዲህ የገባው ቶርሰን የተባለው ዲፈረንሻል ግን በጥርሶቹ ብልሃት ይህን ሥራ ያለ ነጂው እጅ ይፈጽመዋል።

ስለዚህ ምርጫችን ከ1987 መጨረሻ እስከ 1989 የተሠራው፣ 2.2 ሊትር ሞተር ያለው ባለ 10 ቫልቭ ነው። ባለ 20 ቫልቩ ጥቂት ብቻ ስለ ተሠራ ዋጋው አይቀመስም። ቶርሰን ያለው ሆኖ ላሜራው የበሰበሰ ከሚሆን፣ የቀድሞው ሆኖ ዝገት ያልነካው ይሻለናል። ገዢው ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ይመልከት፤ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አለመሰንጠቁንም በመካኒክ ያስመርምር።