ከኪራይ ቤት ደጃፍ እስከ ሜዳሊያው መድረክ

ሁለት ጥቁር አትሌቶች አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቁበትን ጡጫቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው የቆሙበትን የሜክሲኮ ሲቲ ፎቶግራፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ከፎቶግራፉ በፊት የሆነው ግን ብዙም አይወራለትም። ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ በምትባል ከተማ፣ በኪራይ ቤት ጉዳይ ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳን ሆዜ ስቴት ኮሌጅ ስሙን ያስጠሩት ሯጮቹ ናቸው። ቶሚ ስሚዝና ሊ ኢቫንስ እዚያ ነበሩ፤ ጆን ካርሎስ ኋላ መጣ። ስሚዝ ቴክሳስ ውስጥ፣ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ አባት ከወለዳቸው 12 ልጆች አንዱ ነው፤ ልጅነቱ ያለፈው፣ ኋላ ካሊፎርኒያም ሄዶ፣ ጥጥ ለቀማ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ለኮሌጁ ክብረ ወሰን እየሰበሩ፣ በዚያው ከተማ ለጥቁር ቤት የማያከራዩ ሰዎች ግን በር ይዘጉባቸው ነበር። በነጭ ተማሪዎች ማኅበራት ውስጥም ቦታ አልነበራቸውም።

ሃሪ ኤድዋርድስ በዚያው ኮሌጅ ዲስከስ ወርዋሪ ነበር፤ ተመርቆ ወጥቶ የሶሲዮሎጂ መምህር ሆኖ ተመለሰ። ሲመለስ ተማሪ ሳለ የገጠመው የቤት ችግር እንዳለ ቆየው። በመስከረም 1967 እሱና ተማሪዎቹ የኪራይ ቤቱንና የማኅበራቱን ጉዳይ አንስተው፣ መልስ ካላገኙ የዓመቱ የመጀመሪያ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ እንደማይካሄድ አስታወቁ። ኮሌጁ ጨዋታውን ሰረዘ። የካሊፎርኒያ ገዢ የነበሩት ሮናልድ ሬገን በመሰረዙ በጣም ተቆጡ። ተማሪዎቹ ግን ከዚያ ቀን አንድ ነገር ያዙ፦ ስለ ቤት ችግር ሲናገሩ ያልሰማቸው ሁሉ ጨዋታ ሲቀር ሰምቷቸዋል።

እኔ የዚህን ታሪክ ሥር የማየው እዚህ ላይ ነው። ዘረኝነት ሲባል አእምሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ግድያውና ወደ ቃጠሎው ነው። ሰውን ቀን በቀን የሚያደክመው ግን ሌላ ነው፤ በወረቀት የማይጻፍ፣ ምስክር የማይቆጠርበት፣ «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን?» የሚያሰኝ ትንሽ ትንሹ መገፋት። ጆን ካርሎስ ያደገው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነው። ልጅ ሳለ ሕልሙ ሩጫ አልነበረም፤ በኦሎምፒክ መዋኘት ነበር። አባቱ ነጮች የሚለማመዱባቸው የመዋኛ ክለቦች እሱን እንደማይቀበሉት ያስረዱት ቀን ሕልሙ አበቃ። አንድ አባት ይህን ለልጁ እንዴት ብሎ ነው የሚነግረው? ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። መንገዱ ብቻ ተዘጋ።

በዚያችው ኒው ዮርክ ታዋቂው አትሌቲክ ክለብ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የቤት ውስጥ ውድድር ጥቁር ሯጮችን እያስሮጠ ትኬት ይሸጣል፤ አባል አድርጎ ግን አይቀበላቸውም ነበር። የካቲት 1968 አትሌቶቹ «አንሮጥም» አሉ፤ ብዙዎቹም ቀሩ። ይህን ያስተባበረው ኤድዋርድስ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው «የኦሎምፒክ ፕሮጀክት ለሰብዓዊ መብት» የተባለው እንቅስቃሴ ነበር። ጥያቄዎቻቸው ግልጽ ነበሩ፤ ለውትድርና አልመለመልም በማለቱ ለተነጠቀው መሐመድ አሊ ሻምፒዮንነቱ ይመለስ፣ ጥቁር አሰልጣኞች ይቀጠሩ፣ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ኤቨሪ ብራንዴጅ ይውረዱ፣ ደቡብ አፍሪካና ሮዴዢያ ከኦሎምፒክ ይታገዱ።

የመጨረሻው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አቀላቅላ አልመጣም በማለቷ ከውድድሩ ወጥታለች። ዕጣዋ ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበር ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አልፏል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራች ከነበሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ አፓርታይድን ከስፖርት ሜዳ ለማስወጣት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987፣ ታግለዋል። በ1968 መጀመሪያ የኦሎምፒኩ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮ ሲጋብዝ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች አንሄድም አሉ። ሚያዝያ ላይ ግብዣው ተሰረዘ። ባይሰረዝ ኖሮ የማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ባልኖረ ነበር።

ጥቅምት 16 ቀን 1968 ስሚዝ 200 ሜትሩን በ19.83 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን ሁለተኛ፣ ካርሎስ ሦስተኛ ወጡ። ስሚዝና ካርሎስ ወደ መድረኩ የወጡት ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ካልሲ ነበር፤ የወገናቸውን ድህነት ለማሳየት። ካርሎስ አንገቱ ላይ ጨሌ አድርጓል፤ በመንጋ ተይዘው ዛፍ ላይ ለተሰቀሉት መታሰቢያ። አንድ ጥንድ ጓንት ነበር የተገኘው፤ ስለዚህ ስሚዝ ቀኙን፣ ካርሎስ ግራውን አነሳ። ነጩ ኖርማንም የእንቅስቃሴውን ዓርማ ደረቱ ላይ ለጥፎ አብሯቸው ቆመ።

ብራንዴጅ አልታገሡም። አሜሪካ ሁለቱን ካላባረረች መላው የአትሌቲክስ ቡድኗ ይወጣል ብለው አስፈራሩ፤ ሁለቱም ከኦሎምፒክ መንደር ተባረሩ። በ1936 የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት እኚሁ ሰው ነበሩ፤ በርሊን ላይ ጀርመናውያን አትሌቶች የናዚ ሰላምታ ሲሰጡ ያሉት ነገር የለም። «ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ፖለቲካውን ወደ ስፖርት ያመጡት እነዚያ ልጆች አይደሉም፤ የመዋኛ ክለቡን በር የዘጋው ሰው ቀድሟቸዋል።

ቤታቸው ሲመለሱ የግድያ ዛቻ ተቀበላቸው፤ ሥራ ማግኘትም ከበዳቸው። ለዓመታት ከተንገላቱ በኋላ ስሚዝ አሰልጣኝና መምህር፣ ካርሎስ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኑ። ኖርማን ወደ ሙኒክ ኦሎምፒክ አልተላከም፤ የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012፣ ሰውየው ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩ።

ዋጋ የከፈሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። በ1976 የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን የሶዌቶ ልጆች በተገደሉበት ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሲጫወት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ያን ጊዜ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደው። ምሩፅ በሞስኮ ሁለቱንም እስኪያሸንፍ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። የስሚዝና የካርሎስ ሐውልት በኮሌጃቸው ግቢ በ2005 ቆሟል። አፓርታይድን በመቃወም ሳይሮጥ ለቀረው ወርቅ እኛ ያቆምነው መታሰቢያ የቱ ነው? ልጆቻችን ምሩፅን በሞስኮ ድል ብቻ እንዲያውቁት አልፈልግም፤ የሞንትሪያሉም መቅረት የሱ ታሪክ ነው።

አሜሪካ ለሚኖረው ወገናችን የኪራይ ቤቱ ነገር ሩቅ አይደለም። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 1968 ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዋሽንግተንም ሎስ አንጀለስም የገባ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ቤት ፍለጋ ሲወጣ ከለላ የሆነው ያ ሕግ ነበር። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «እኛ እንደነሱ አይደለንም» የሚል ወገን ሲገጥመኝ አዝናለሁ፤ የገባበትን በር ማን ገፍቶ እንደከፈተለት ቢያውቅ እንዲህ ባላለ።

ከሳን ሆዜ አጠገብ ሳንታ ክላራ አለች፤ የሳን ፍራንሲስኮው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የፎርቲናይነርስ ሜዳ ያለባት። የዚያ ቡድን ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ በነሐሴ 2016 ፖሊሶች በጥቁሮች ላይ የሚያደርሱትን ግፍ በመቃወም ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር አልነሳም አለ፤ ቆይቶ ከአንድ የቀድሞ ወታደር ጋር ተመካክሮ በአንድ ጉልበቱ መንበርከክ ጀመረ። የዚያን ቡድን ተጫዋቾች ለረጅም ዓመታት ሲያማክር የኖረው ሃሪ ኤድዋርድስ ነው። መምህሩም ጥያቄውም ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ እዚያው አካባቢ ነበሩ። ከ2017 ወዲህ ካፐርኒክን ያስፈረመ ቡድን የለም።

በ2019 የአሜሪካ ኦሎምፒክና ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ስሚዝንና ካርሎስን በክብር መዝገቡ ውስጥ አስገባቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሊማ ላይ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታ የመዶሻ ወርዋሪዋ ግዌን ቤሪ መድረክ ላይ ጡጫዋን አንስታ ነበር። ያው ኮሚቴ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ተቃውሞ እንደማይቀጣ ያስታወቀው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ፣ በ2020 መጨረሻ ነው። የዓለም አቀፉ ኮሚቴም ለቶኪዮ ጨዋታ ተቃውሞን የሚከለክለውን ደንቡን ጥቂት አላልቶ፣ አትሌቶች ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ሐሳባቸውን በምልክት እንዲገልጹ ፈቀደ፤ የሜዳሊያ መድረኩን ግን እንደከለከለ ተወው። መከልከሉ ስሕተት ነው እላለሁ። የሚቀጥለው የበጋ ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ ስሚዝ ጥጥ በለቀመባት፣ ኤድዋርድስ የኪራይ ቤት ባጣባት ካሊፎርኒያ። ደንቡን ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ቦታ ኮሚቴው አያገኝም።