ግራ የሚያጋባን የታሪክ መደምደሚያ እንዴት እንረዳለን?

አንድን ታሪክ እስከ ፍጻሜው ተከታትላችሁ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ጊዜ አይታጣም። ይህ ጥያቄ በልቦለድና በቴአትር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርያትን ሚና ይዞ በሚጓዝባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎችም ይነሣል። እንዲያውም በእነዚህ ይበረታል፤ ብዙ ሰዓት ደክሞ ከመጨረሻው የደረሰ ሰው ድካሙ ምን እንዳስገኘ ማወቅ ይሻልና።

ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የተሰኘ ምናባዊ ጨዋታ ለምሳሌ እንውሰድ። በታሪኩ ውስጥ ሺንራ የተባለ ድርጅት «የሕይወት ጅረት»ን ከምድር እየመጠጠ ኃይል ያመነጭበታል። ጅረቱ ግን የሞቱ ሁሉ የሚመለሱበት፣ አዲስ ሕይወትም የሚቀዳበት ምንጭ ነው። ሴፊሮዝ የተባለው ባላንጣ ምድርን የሚያቆስል ታላቅ ተወርዋሪ አካል ከሰማይ ይጠራል። ኤሪዝ የተባለችው ወጣት ደግሞ ምድርን የሚጠብቀውን «ሆሊ» የተሰኘ ኃይል በጸሎት ትቀሰቅሳለች፤ ነገር ግን በሴፊሮዝ እጅ ትገደላለች፤ ኃይሉም በእርሱ ታግዶ ይቆያል።

በመደምደሚያው ክላውድና ጓደኞቹ ሴፊሮዝን ድል ይነሣሉ፤ ሆሊም ይለቀቃል። ሆኖም ተወርዋሪው አካል ሚድጋር ለተባለችው ከተማ እጅግ ቀርቦ ስለ ነበር፣ ሆሊ ብቻውን ሊመክተው አልቻለም። በዚህ ጊዜ የሕይወት ጅረት ከመሬት ፈልቆ ያግዘዋል። የኤሪዝ ፊት ለአፍታ ይታይና ትርኢቱ ይቋረጣል። ቀጥሎ የምናየው ከ500 ዓመት በኋላ ያለውን ነው፤ ናናኪ የተባለው ባለ አራት እግር ገጸ ባሕርይ ከሁለት ግልገሎች ጋር ከገደል አፋፍ ቆሞ፣ ዕፅዋት የወረሱትን የሚድጋርን ፍርስራሽ ይመለከታል። ሰው ግን አይታይም። ታዲያ የሰው ዘር ጠፋ ማለት ነውን?

በችኮላ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገሮችን እናድርግ።

አንደኛ፣ የታየውን ከገመትነው እንለይ። የታየው የአንዲት ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ የሰው ልጅ እልቂት አልታየም።

ሁለተኛ፣ ቀደም ሲል የተነገረውን እናስታውስ። ቡገንሃገን የተባለው ሽማግሌ፣ ሆሊ ለምድር ጎጂ የሆነውን ሁሉ እንደሚያስወግድ፣ ሰውም ከጎጂዎቹ ሊቆጠር እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ሥጋታችን መሠረት የለሽ አይደለም። በሌላ በኩል የናናኪ ዘር ዕድሜው ረጅም መሆኑ ተነግሮናል፤ በ48 ዓመቱ ገና እንደ አሥራዎቹ ዕድሜ ወጣት ይቆጠር ነበር። እርሱ የታየው ከ500 ዓመት በኋላ ሊመሰክር የሚችል ስለ ሆነ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ስለ ጠፋ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ሦስተኛ፣ ጥቃቅን ምልክቶችን አንናቅ። በመጨረሻ የልጆች ሣቅ ይሰማል። ሣቁ ማስረጃ ባይሆንም ወደ ተስፋ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «አድቬንት ችልድረን» የተባለ ፊልም ደግሞ፣ ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በኋላ ሰዎች በሚድጋር ዳርቻ ከተማ ሠርተው ሲኖሩ ያሳያል። ይህም ሆሊ በዚያች ቀን ሰውን እንዳላጠፋ ያረጋግጣል፤ ከ500 ዓመት በኋላ ሰው ስለ መኖሩ ግን የሚለው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ የምንጠይቀው «ሰው ዳነ ወይ?» ብለን ነው። ታሪኩ ግን ከመነሻው ሲጠይቅ የቆየው «ምድር ትድን ይሆን?» እያለ ነበር። ለዚህ ለራሱ ጥያቄ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ የምድርን ሕይወት ስትመጥጥ የኖረችው ከተማ ለምልማ ታየች። እንግዲህ መደምደሚያ ሲጨልምባችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ ታሪኩ ምን ጠይቆ እንደ ተነሣ ስታውቁ፣ ምን መልሶ እንዳበቃ ትረዳላችሁ።

መልመጃ
ፍጻሜው ግልጽ ያልሆነላችሁን አንድ ታሪክ ምረጡ። የታየውን፣ ቀድሞ የተነገረውንና ሳይነገር የቀረውን በሦስት አንቀጽ ለይታችሁ ግለጹ።