መግባትና መግባባት፦ ከፒኤልሲ ኬብሎች ጋር ትውውቅ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ የጠርሙስ መሙያው መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሞተሮቹ ደህና ናቸው፤ ፊውዝም አልተቃጠለም። ፓኔሉ ሲከፈት ግን ፒኤልሲው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ወጣቱ ቴክኒሻን ላፕቶፑን ከፈተና ከመሳቢያው ውስጥ ከተጠላለፈው የኬብል ክምር አንዱን መዝዞ ሰካው። ልክክ አለ።

“ጋሼ፣ ገባ እኮ!”

አንጋፋው ኤሌክትሪሺያን ጠጋ ብለው አዩ። “መግባቱንስ ገባ፤ ተግባቡ ወይ?”

አልተግባቡም። ላፕቶፑ ደጋግሞ ቢጣራም ከፒኤልሲው መልስ አልመጣም።

መግባትና መግባባት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። በዚህ ሙያ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሌሊት ምርት ያስከፍላል፤ ሲብስም ፒኤልሲውን ያቃጥላል። በኬብል ላይ የሚደርሰው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው የገባውን ሁሉ የተግባባ አድርጎ ከመቁጠር ነው።

ፒኤልሲ የፋብሪካ ማሽን አእምሮ ነው። ሴንሰሮች “ጠርሙሱ ደርሷል”፣ “ታንኩ ሞልቷል” ይሉታል፤ እሱም በተሰጠው ፕሮግራም መሠረት ቫልቭ ይከፍታል፣ ሞተር ያስነሣል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት በቁም ሣጥን ሙሉ የተደረደሩ ሪሌዮች ነበሩ። የምርቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሽቦው ሁሉ ተፈትቶ እንደገና መታሰር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1968 የጄኔራል ሞተርስ የማርሽ ሣጥን ክፍል የሆነው ሃይድራማቲክ ይህ ድካም የሚቀርበት መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊና የቤድፎርድ አሶሺየትስ ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084ን ይዘው ቀረቡ፤ ቁጥሩ የተሰጠው የድርጅቱ 84ኛ ፕሮጀክት ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ መፍታት ቀርቶ ፕሮግራም መቀየር በቂ ሆነ። ፕሮግራሙ ግን ወደ ሣጥኑ የሚገባበት በር ያስፈልገዋል። ድሮ በመቶ ሽቦዎች ላይ ተበትኖ የነበረው ጭንቀት አሁን በአንድ ኬብል ላይ ተጠራቀመ።

ይህ ኬብል ሦስት ስምምነቶችን ተሸክሟል። የመጀመሪያው የቅርጽ ነው፤ መሰኪያው ከሶኬቱ ጋር ይገጥማል ወይ? ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው፤ “አንድ” እና “ዜሮ” በስንት ቮልት ይነገራሉ? ሦስተኛው የቋንቋ ነው፤ የተላከው መልእክት በምን ፍጥነትና በምን ሥርዓት ይነበባል? ዓይን የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ስምንት ፒን የሚገባበት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ክብ ሶኬት ሚኒ-ዲን ይባላል። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ በኤፍኤክስ ተከታታይ ፒኤልሲዎቹ፣ የአሜሪካው አለን-ብራድሊ በማይክሮሎጂክስ 1000፣ የፈረንሳዩ ሽናይደር ደግሞ በትዊዶ ላይ ተጠቅመውበታል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ኬብል ለሁሉም ይበቃል ይላል። ነገር ግን የሚትሱቢሺው አርኤስ-422፣ የአለን-ብራድሊው አርኤስ-232፣ የሽናይደሩ አርኤስ-485 የሚባለውን የኤሌክትሪክ ደንብ ይከተላሉ። በራቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ከበሩ ጀርባ የሚኖሩት ቤተሰቦች የተለያዩ ናቸው።

የእነዚህ ደንቦች አያት አርኤስ-232 ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ሲሆን፣ በእሱ ሕግ “አንድ” ማለት ከ3 እስከ 15 ኔጋቲቭ ቮልት፣ “ዜሮ” ማለት ከ3 እስከ 15 ፖዘቲቭ ቮልት ነው። ቮልቱ የሚለካው ከአንድ የጋራ መሬት ሽቦ አንጻር ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከጎኑ ትልቅ ሞተር ሲነሣ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ረብሻ ከመልእክቱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የቆየው ደንብ ኬብሉን በ15 ሜትር ገደማ ወስኖት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አርኤስ-485 ይህን በብልሃት ፈታው። መልእክቱ እርስ በርስ በተጠመዘዙ ሁለት ሽቦዎች ይሄዳል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ረብሻ ሲመጣ ሁለቱንም እኩል ስለሚያነሣቸው ልዩነታቸው አይዛባም። ልዩነቱ 0.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ተቀባዩ ይለየዋል። በዝግታ ከተነጋገሩ 1,200 ሜትር ድረስ ይሰማማሉ፤ በአንድ መስመር ላይም 32 መሣሪያዎች ሊሰለፉ ይችላሉ። አርኤስ-422 የእሱ ቅርብ ዘመድ ሲሆን ለመላኪያና ለመቀበያ የተለያዩ ጥንድ ሽቦዎች አሉት።

እነዚህን ቤተሰቦች ማደባለቅ ምን እንደሚያመጣ ባለ ዘጠኝ ፒኑ መሰኪያ በደንብ ያሳያል። ይህ የዲ ፊደል ቅርጽ ያለው መሰኪያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ኮምፒውተር ላይ ለአርኤስ-232 ተመርጦ ተለመደ። በኮምፒውተሩ በኩል ፒን 2 መስሚያ፣ ፒን 3 መናገሪያ፣ ፒን 5 መሬት ነው። የሲመንስ ኤስ7-200 ፒኤልሲም ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ ደንቡ ግን አርኤስ-485 ነው፤ ፒን 3 ከሁለቱ የልዩነት ሽቦዎች አንዱ ነው። የኮምፒውተሩን ወንዴ መሰኪያ ከፒኤልሲው ሴቴ ሶኬት ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው፣ እስከ 15 ኔጋቲቭ ቮልት የሚደርሰውን የኮምፒውተሩን ድምፅ ከ7 ኔጋቲቭ በታች እንዲሸከም ባልተሠራ መስመር ላይ ይጭናል። የሲመንሱ ኬብል አይጥ የዋጠ እባብ መስሎ መሀሉ ያበጠውም ለዚህ ነው። በዚያ እብጠት ውስጥ አንዱን ቮልት ወደ ሌላው የሚተረጉም ሰርኪዩት ተቀምጧል። ኬብሉ ውድ የሚሆነው በመዳቡ ሳይሆን በአስተርጓሚው ነው።

ሁለቱም ወገን አርኤስ-232 ቢሆኑ እንኳ ጉዳዩ አላለቀም። የአንዱ መናገሪያ ከሌላው መስሚያ ጋር መገናኘት አለበት። የሁለቱም መናገሪያ ፒን 3 ከሆነ፣ ፒን 3 ከፒን 3 ጋር ሲገጥም አፍ ለአፍ ሆነው የሚሰማ ጆሮ ያጣሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሽቦዎች የሚሻገሩበት ኬብል ያስፈልጋል። መልቲሜትር የያዘ ሰው ይህን በራሱ ማጣራት ይችላል፤ ፖርቱ ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ ከፒን 2ና ከፒን 3 መካከል ከመሬቱ ፒን አንጻር 5 ቮልትና ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ የሚያሳየው መናገሪያው ነው።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ ቋንቋው ይመጣል። የሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ በተለመደው አቀማመጡ በሴኮንድ 9,600 ቢት ይናገራል፤ እያንዳንዱን ፊደል በ7 ቢት ይልካል፤ ስሕተት መቆጣጠሪያም ይጨምርበታል። ላፕቶፑ 8 ቢት ይዞ ቢጠብቅ የሚሰማው ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው። በሰፊው ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ሞድባስ ነው፤ ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሲሆን፣ ለማንም ክፍት በመሆኑ የብዙ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ይነጋገሩበታል።

ዛሬ ላፕቶፖች ባለ ዘጠኝ ፒኑን ሶኬት ትተውታል። ክፍተቱን የሞላው በዩኤስቢ የሚሰካ ኬብል ነው፤ ቺፕ በውስጡ ስላለ ድራይቨር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ርካሽ ነገር ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የቺፕ አምራች ያወጣው አዲስ ድራይቨር አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን ከአገልግሎት ውጭ አደረጋቸው፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ኬብል በአንድ የኮምፒውተር ማሻሻያ ዝም አለ።

ሌላው የማይታይ አደጋ መሬት ነው። ቻርጀሩ የተሰካ ላፕቶፕና የፋብሪካው ፓኔል ሁለቱም ኤርዝ አላቸው፤ የሁለቱ ኤርዝ ግን ሁልጊዜ እኩል ቮልት ላይ አይቀመጥም። ኬብሉ ሲያገናኛቸው ልዩነቱ በቀጭኑ የመሬት ሽቦ ያልፍና ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ኤሌክትሪክን ለይቶ መልእክትን ብቻ የሚያሳልፍ ኬብል መጠቀም ነው። እሱ ከሌለ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ይረዳል።

መግባባት ከተገኘ በኋላም አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። በዚህ ሙያ “አፕሎድ” ከፒኤልሲው ወደ ላፕቶፕ ማውጣት፣ “ዳውንሎድ” ደግሞ ከላፕቶፕ ወደ ፒኤልሲው ማስገባት ነው። በኢንተርኔት የለመደ ሰው ቃላቱ ይገለባበጡበታል። ፕሮግራሙን አወጣለሁ ብሎ ዳውንሎድን የተጫነ፣ ማሽኑን ለዓመታት ያሠራውን ፕሮግራም በባዶ ሊተካው ይችላል። ሶፍትዌሩ ጥያቄ ሲያቀርብ ረጋ ብሎ አንብቦ መመለስ የግድ ነው።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ነገሩን አቅልለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሲመንስ ኤስ7-1200 የሚፈልገው በየቢሮው የሚገኘውን የኔትወርክ (ኤተርኔት) ኬብል ነው። እዚያም ቢሆን አድራሻው መስማማት አለበት፤ በተለመደው አደላደል ፒኤልሲው 192.168.0.1 ከሆነ ላፕቶፑም በ192.168.0 የሚጀምርና መጨረሻው የተለየ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። አቧራና ውኃ ለሚበዛበት ቦታ ደግሞ ኤም12 የተባለው በ12 ሚሊሜትር ጥርስ የሚጠበቅ ክብ መሰኪያ አለ። የዚህን መሰኪያ ሐሳብ እጅግ አደንቃለሁ። ለሴንሰር፣ ፕሮፊባስ ለተባለው የፋብሪካ ኔትወርክና ለኤተርኔት የሚሆኑት ዓይነቶች የየራሳቸው የውስጥ ቅርጽ ስላላቸው አንዱ በሌላው ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ተደርጎ ተሠርቷል። የማይግባባው እንዳይገባ መከልከል፣ ከብዙ የተቃጠለ ፖርት በኋላ የተገኘ ጥበብ ነው።

በአገራችን ፋብሪካዎች ግን አሮጌውና አዲሱ አብረው ይኖራሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ የጀርመን መሙያ፣ የጣሊያን ማሸጊያ፣ የቻይና ማጓጓዣ ሊገኝ ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ኬብል አለው። ማሽን ሲገዛ ኬብሉና የፕሮግራሙ ቅጂ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ ከባለሙያው ጋር መጥተው ከእሱ ጋር ተመልሰው መሄድ የለባቸውም።

የሌሊቱ መስመር በመጨረሻ የተነሣው አንጋፋው ሰው ከፓኔሉ በር ጀርባ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ኬብል ሲያወጡ ነው እንበል። በላዩ ላይ ከዓመታት በፊት በራሳቸው እጅ የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፦ የማሽኑ ስም፣ የፒኤልሲው ዓይነት፣ “485”፣ ፍጥነቱ፣ የፕሮግራሙ ቅጂ ያለበት ቦታ። ወጣቱ ወረቀቱን አንብቦ ኬብሉን ሰካ። በዚህኛው ጊዜ “ገባ” አላለም፤ ስክሪኑ ላይ የፒኤልሲው ስም እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ።